ውጡ የማለት ስልጣን የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ብያለሁ ከደሴ። ጋዜጣችሁን የማነበው ፒያሳ አካባቢ አንዲት ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ጊዜ አልገዛውም። ሌላ ሰው አንብቦ ጠረጴዛ ላይ ሲተወው ነው የምወስደው። ስለዚህ ደብዳቤዬን ባታወጡት አልቀየምም፤ ደንበኛችሁ ነኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ባለፈው ስለ መንገድና ባቡር ዋሻዎች የጻፋችሁትን አየሁት። ርዝመቱ አለ። ወጪው አለ። ስንት ሰዓት መንገድ እንደሚያሳጥር አለ። ማሽኑ ከየት እንደመጣ ሁሉ አለ። ውስጥ ስለሚሰራው ሰው ግን ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «አስፈላጊው የደህንነት ጥንቃቄ ሁሉ እየተደረገ ነው» የምትል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር በደንብ አውቃታለሁ። ሳይት ላይ እያለሁ በየወሩ ሪፖርት ውስጥ አያት ነበር። አንዳንዴ ራሴም ጽፌያታለሁ።

ሰርቬየር ነበርኩ። ከሰራሁባቸው ዓመታት አራቱን ያሳለፍኩት ዋሻ ውስጥ ነው። አሁን ጉልበቴ እሺ ስላላለኝ ትቼዋለሁ። ስራዬ ጠዋትና ማታ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን መለኪያ መሳሪያ ተክዬ ግድግዳውና ጣሪያው ላይ የተለጠፉትን ፕሪዝሞች፣ ጨረር የሚመልሱ ትንንሽ መስታወቶች ናቸው፣ ማንበብ ነበር። ለምን ይነበባል ካላችሁ፣ ዋሻ ስለሚንቀሳቀስ። ይሄን ለሰው ስነግር ይስቅብኛል፤ «ድንጋይ ደግሞ ወዴት ይሄዳል?» ይለኛል። ይሄዳል። ተራራውን ስትቦረቡረው ከላይ የነበረው ክብደት አዲስ መተላለፊያ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጠጋል፣ ጣሪያው ይወርዳል። በዓይን አይታይም። ሚሊ ሜትር ነው። ጥሩ ዋሻ መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ይሄድና እየቀነሰ እየቀነሰ ይቆማል። ወረቀት ላይ ስታሰፍረው መስመሩ እንደ ሜዳ ይተኛል። መጥፎ ዋሻም መጀመሪያ እንደዚያው ነው፤ ከዚያ ግን መስመሩ አልተኛም ይላል።

ብዙ ሰው፣ ኢንጂነርም ሳይቀር፣ የሚያየው ድምሩን ነው። ስንት ሚሊ ሄደ? እኔ የማየው ፍጥነቱን ነበር። ሰላሳ ሚሊ ሄዶ የቆመ ግድግዳ አጠገብ ቁጭ ብዬ ምሳዬን እበላለሁ። ትናንት ሁለት፣ ዛሬ ሦስት፣ ነገ አምስት የሚለኝ ግድግዳ አጠገብ ግን ውሃም አልጠጣ።

ወደ እኛ አገር ልምጣ። የወሎ ተራራ ከሩቅ ሲታይ እንደ ብረት ነው። ግን በመንገድ ስትሄዱ፣ ዶዘር የቆረጠውን ገደል ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ቀጭን ቀይ መስመር፣ ከዚያ እንደገና ጥቁር። ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እሳተ ገሞራ ሲፈስ አንዴ ፈስሶ አላበቃም። ፈሰሰ፣ ቆመ፣ ላዩ ላይ አፈር ወጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ፈሰሰና አፈሩን ከስር ጠበሰው። ያቺ ቀይ መስመር የተጠበሰችው አፈር ናት። ደረቅ ሆና ስታያት ጠንካራ ትመስላለች። ውሃ ካገኛት ሳሙና ናት። ከላይ ያለው ድንጋይ በስንጥቁ ውሃውን ያሳልፈዋል፣ እሷ ታስቀረዋለች፣ ለዚህ ነው ብዙ ምንጭ ከገደል ወገብ ላይ የሚፈልቀው። ገበሬው ይሄን ጂኦሎጂ ሳይማር ያውቀዋል። የት ቦታ ቤት እንደማይሰራ ጠይቁት።

በዚያ ላይ ያለንበት ቦታ የአፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። ቦርከና ሸለቆው፣ ሐይቅ፣ ቆቦ ሜዳው፣ ሁሉም በስብራት መሃል የሰጠመ መሬት ነው። ሽማግሌዎቻችን የ1953ቱን የካራ ቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ ያስታውሳሉ፤ ማጀቴ የፈረሰችበትን። በ2017 ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል እየተነሳ ስንት ሌሊት አላስተኛንም። እና ተራራው አንድ ወጥ ድንጋይ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ተሰብሮ የተጠጋገነ ነው። ደሴ ጦሳ ስር ተቀምጣ በየክረምቱ ስለ መሬት መንሸራተት የምታወራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሄን ሁሉ የማወራው ዋሻ አይቆፈር ለማለት አይደለም። ኧረ ይቆፈር! ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሀራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ያለ ዋሻ እንዴት ይታሰባል? ጣርማ በርን ጣሊያን ባይበሳው ኖሮ የወሎ ሰው አዲስ አበባ ለመሄድ ያንን ጫፍ በምን ሊሻገረው ነበር? ድንጋይ መቦርቦር ለእኛ አገር አዲስም አይደለም። ላሊበላን የሰሩት ሰዎች ድንጋዩ ውስጥ መተላለፊያ ሲያበጁ ውሃው የሚወጣበትን ቦይ ረስተው አልሄዱም። እኔ ላሊበላ ስሄድ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ እኔ አጎንብሼ ቦዩን አያለሁ። የስራ በሽታ ነው።

እና ችግሩ ምንድን ነው? ሰው የሚመስለው ዋሻ በድንገት የሚናድ ነው። «በድንገት ተደረመሰ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ እናንተም። እኔ ግን ሳይናገር የወደቀ ጣሪያ አላየሁም። ወይ ንባቡ ይፈጥናል፣ ወይ ሾትክሪቱ፣ ግድግዳው ላይ የተረጨው ኮንክሪት፣ ይሰነጠቃል፣ ወይ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው ብረት፣ የሮክ ቦልቱ፣ ሰሌዳ ይጎብጣል፣ ወይ ጥርት ብሎ ይወርድ የነበረው ውሃ ይደፈርሳል። በተለይ ይሄ የመጨረሻው። ንጹህ ውሃ ያስቸግራል እንጂ ያን ያህል አያስፈራም። የደፈረሰ ውሃ ግን ከኋላው አፈር እየበላ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ ባልዲ የሞላው ነገ ዋሻውን ሊሞላው ይችላል። ግልገል ጊቤ ሁለት ላይ፣ 26 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ ሲቆፈር፣ ከስብራት ውስጥ የመጣ ጭቃ ያንን የሚያክል መቆፈሪያ ማሽን ወደ ኋላ ገፍቶት ነበር። በኋላም በ2002 ጥር ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከፊሉ ተናደ። ተጠግኖ ዛሬ መብራት ይሰጠናል፤ ግን መሬቱ ምርቃት አያውቅም ለማለት ያህል ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ቦታውንም ድርጅቱንም አልጠራም፣ ወሎ ውስጥም አልነበረም። ክረምት ነው። ከዋሻው አፍ 340 ሜትር ላይ ያለችው መለኪያ ጣቢያ ታስቸግረኝ ጀመር። ሁለት ሚሊ፣ ሁለት ሚሊ፣ ሦስት። ለፎርማኑ ነገርኩት። «ሎደር ፕሪዝሙን ነክቶት ይሆናል» አለኝ። ይሄ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፣ ሁሌም ይነኩታል፤ ስለዚህ አልተቆጣሁም። ሄጄ አዲስ ፕሪዝም ለጠፍኩ፣ እንደገና ለካሁ። አምስት። በማግስቱ ስምንት።

በደንቡ መሰረት ቢጫ የሚባል ገደብ አለ፣ ቀይ የሚባል ገደብ አለ። ቢጫ ላይ ትለካለህ፣ ደግመህ ትለካለህ፣ ቦልት ትጨምራለህ። ቀይ ላይ ሰው ይወጣል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው የሚለው፣ በጣም የሚያምር ሰንጠረዥ ነው፣ ባለ ቀለም። እኔ ቀዩን ማለፉን ጻፍኩ። ወረቀቱ ወደ ሳይት ኢንጂነሩ ሄደ። እሱ ፈረመና ወደ ፕሮጀክት ማናጀሩ ላከው። ማናጀሩ አማካሪው ይይልኝ አለ። የአማካሪው ሰው ደግሞ ከተማ ወጥቷል፣ ሰኞ ነው የሚመጣው። ቀኑ አርብ ነበር። እስቲ አስቡት። ለማፈንዳት የአንድ ሰው ቃል ይበቃ ነበር። ለማቆም ሦስት ፊርማ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ ከዘበኛው ጋር አወራለሁ። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፣ አባባ ነበር የምንላቸው። «ልጄ፣ ያቺ ከላይ ያለችው የእኛ ምንጭ እኮ ከትናንት ወዲያ ቀጥ አለች» አሉኝ። በክረምት! ውሃው ወዴት እንደሄደ ያኔ ገባኝ። እሳቸው ይሄን ለማን ይናገሩ? ቅጽ የላቸው፣ ኢሜይል የላቸው። ለሴፍቲ ኦፊሰሩ ነግረውት ነበር፤ እሱ የሰማው ስለ ካሳ የሚያወሩ መስሎት ነው።

ሰው ያስወጣው የእኔ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። ያስወጣው ጃምቦ የምንላትን የድንጋይ መብሻ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር ነው። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። ማሽኑን አጠፋ። ጸጥ ሲል ከላይ የሾትክሪቱ ቅርፊት እየረገፈ ይሰማል፤ ልክ ቆሎ ምጣድ ላይ ሲፈነዳ። «ውጡ» አለ። እንደገና «ውጡ!» አለና ራሱ ቀድሞ ሳይሆን ሁሉንም አስቀድሞ ወጣ። ፎርማኑ በር ላይ ጠብቆ ጮኸበት። ያለ ፈቃድ ስራ አቁመሃል ተብሎ የዚያ ቀን ሂሳቡ እንደሚቆረጥ እዚያው ተነገረው። ይሄን እየተጨቃጨቁ እያለ፣ አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይመስለኛል፣ ንፋስ መጣ። መጀመሪያ ንፋስ ነው የሚመጣው። ከዚያ ድምፁ፣ ከዚያ አቧራው። ጃምቦዋ ተቀበረች። ሰው አልነካም።

ሂሳቡ ተቆርጦ እንደነበር የታወቀው ደመወዝ ቀን ነው። ማንም ማስተካከሉን አላስታወሰም። በኋላ መለሱለት።

እንግዲህ መሳሪያው ነበረ። ሰንጠረዡ ነበረ። ንባቡም ትክክል ነበር። ያልነበረው «ውጡ» ብሎ ቅጣት የማይደርስበት ሰው ነው። የዋሻ ደህንነት ሲባል ሰው የሚያስበው ቆብና ቦት ጫማ ነው፣ ወይም ውድ መሳሪያ። ከውድ መሳሪያ ምን ይገኛል፣ ያነበበው ሰው አፉ ከተለጎመ?

ይሄ የእኛ ኋላቀርነት ነው የሚል ካለ አይድከም። ሲንጋፖርን የሚያክል አገር፣ በፈረንጆቹ 2004፣ ለምድር ውስጥ ባቡር የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ተደርምሶ አራት ሰው ሞቷል። መሳሪያዎቹ ቀድመው ተናግረው ነበር። ንባቡ ገደቡን ሲያልፍ ግን ስሌቱ እንደገና ተሰራና ገደቡ ከፍ ተደረገ። አያችሁ ብልሃት? ትኩሳት ሲወጣ ቴርሞሜትሩን መቀየር። ከሞቱት አንዱ ሰራተኞቹን ሲያስወጣ የቀረ ፎርማን ነው፤ አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ሁሌ ያ ሰውዬ ነው። ላይ ያሉት ቁጥር ሲከልሱ እሱ ታች ሆኖ «ውጡ» እያለ ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛው ስምምነት አንቀጽ 13 ላይ፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ መጣ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሰራተኛ ስራውን ጥሎ ቢወጣ ሊጎዳ አይገባም ይላል። በግልጽ አማርኛ፣ ደመወዙ አይቆረጥ ማለት ነው። ስንት የዋሻ ሰራተኛ ይሄን ያውቃል? ካምፑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ሄልሜት ሳያደርጉ መግባት ክልክል ነው» ነው። «አደጋ ካየህ መውጣት መብትህ ነው» የሚል ተለጥፎ አላየሁም። ቀለሙ ያው ቀለም ነው፣ ዋጋውም አንድ ነው።

እኔ የሚሰማኝ ቢኖር የምለው ይሄን ነው። ዋሻው አፍ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀል። የዛሬ ንባብ በየጣቢያው፣ ትናንት ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንት ሆነ፣ በጠመኔ ይጻፍ፣ በአማርኛም ሰራተኛው በሚናገረው ሌላ ቋንቋም። ቀን ሰራተኛው አይገባውም የሚል አለቃ አጋጥሞኛል። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስምንት የማይገባው ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ለማቆም ፊርማ አይፈለግ። ሰርቬየሩ፣ ኦፕሬተሩ፣ የሺፍት አለቃው፣ ማንም አንዱ «ውጡ» ካለ ይወጣል፤ ፊርማው ተመልሶ ለመግባት ይሁን። አንዳንዴ በከንቱ እንወጣለን፣ ልክ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ በከንቱ አስጮሄያለሁ፣ አንዱ ጊዜ የመሳሪያው እግር ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ እኔው ነኝ የተሳሳትኩት፣ እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል። ይቀለድብኝ። ኮንትራቱ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሰዓት ቀድሞ ይያዝ፤ ተቋራጩ በቆመ ቁጥር ኪሱ የሚቀደድ ከሆነ፣ አያቁም ብለን ነው የተዋዋልነው ማለት ነው።

ሌላም ነበረኝ። ትኩስ ሾትክሪት ሳይጠነክር ስሩ ማለፍ፣ ከፍንዳታ በኋላ የተንጠለጠለውን ድንጋይ ሳያራግፉ መግባት፣ ከቁፋሮው ፊት ቀድሞ በቀጭኑ መብሳትና ምን እንዳለ ማየት። ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ላይ አለና አላሰለቻችሁም። ብቻ እኔ ያየኋቸው ጉዳቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የደረሱት ቁፋሮው ከደረሰበት ግድግዳ ጥቂት ሜትር ውስጥ ነው፣ የእንጀራ ምጣድ በምታክል ድንጋይ። ትልቁ ናዳ ዜና ይሆናል፤ ትንሿ ድንጋይ ግን ዜና አትሆንም።

ደብዳቤውን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ባቡርም መንገድም አይደለም። እዚሁ ወሎ ውስጥ ያለው ደላንታ ነው።

ዋሻ ስትሉ ስለ ደላንታ ጽፋችሁ አታውቁም። እዚያ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ አለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ወጣቱ ገደሉን እየቦረቦረ ነው። ማዕድኑ ያለው በቀጭን ንጣፍ ውስጥ ነው፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ከላዩ ያለው ደግሞ ተራራ ነው። ንጣፏን ተከትለህ ትገባለህ። በመዶሻና በመሮ። አጎንብሰህ፣ ከዚያ ተንበርክከህ፣ ከዚያ በሆድህ። ሾትክሪት የለ፣ ቦልት የለ፣ የሚለካ የለ። በ2016 ዋሻው ተደርምሶባቸው ወሬው ውጭ አገር ሚዲያ ላይ ሁሉ ደረሰ። ሰሞነኛ ነበር፤ ከዚያ ተረሳ። ልጆቹ ግን ተመልሰው ገቡ። ምን ያድርጉ?

አትግቡ ማለት ቀላል ነው። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ አትግቡ ብል ማን ይሰማኛል፤ እንጀራቸው ነው። ስለዚህ ባለፈው በጋ የዘመድ ለቅሶ ልደርስ በሄድኩበት አጋጣሚ የማውቀውን ያህል ልንገራቸው ብዬ ከአንዱ ቡድን ጋር አንድ ቀን ዋልኩ። አምስት ልጆች ናቸው። ትልቁ ሃያ አራት ቢሆነው ነው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ጋሼ፣ ማሽንህ የታለ?» አሉኝ።

ማሽን አላስፈለገም። ግማሽ ኪሎ ጀሶ ነው የያዝኩት። ጣሪያው ላይ ስንጥቅ አገኘን፣ ውሃ አድርጌ አቦካሁና ስንጥቁን ተሻግሮ እንዲይዝ እንደ ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ ላዩ ላይ ቀኑን ጻፍኩ። በቃ። ጀሶ አይሳብም፣ አይለጠጥም፤ ድንጋዩ ፀጉር ታህል ከተንቀሳቀሰች ጀሶው ይሰነጠቃል። ጠዋት ስትገቡ መጀመሪያ እሷን እዩ፣ ከተሰነጠቀች አትግቡ አልኳቸው። ከዚያ ጣሪያውን በብረት መታ መታ አድርጌ አሰማኋቸው። ድፍኑ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ከላይ የለቀቀው እንደ ከበሮ ድም ይላል። ይሄን ወዲያው ያዙት፣ እንዲያውም አንዱ ልጅ ከእኔ የተሻለ ጆሮ አለው።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ውስጥ እያለን ከግድግዳው ማዶ መዶሻ ይሰማል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። «ምንድን ነው?» ስል፣ የጎረቤት ቡድን ነው አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። መሃላችን ያለው ግድግዳ ስንት እንደቀረው ማንም አያውቅም። ያ ግድግዳ እኮ ምሰሶ ነው። ተራራውን የያዘው እሱ ነው። ከሁለት ወገን ይበሉታል። የጎረቤትህን መዶሻ መስማት ከጀመርክ፣ ቁፋሮህን ወደ ሌላ አዙር፤ ሁለታችሁም ተስማሙ፣ ካልሆነ ሽማግሌ ግቡበት አልኩ። ሽማግሌ የድንበር ክርክር ላይ ሲገባ ኖሯል፣ ከመሬት በታች ያለ ድንበር ላይስ ለምን አይገባም?

ደግሞ የዝናቡ ነገር። ከገደሉ በላይ እርሻ ነው። ዝናቡ ያበቃ ዕለት ደህና ሆነ ብለው ይገባሉ። ውሃው ግን በስንጥቁ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ስንት ቀን ድንጋዩ ውስጥ ይጓዛል። ይሄን ስነግራቸው ዝም አሉ። የሚያውቁት ሰው ትዝ ብሏቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አንድም ጸያፍ የሚመስል ነገር ነገርኳቸው። ሰው ቢቀበር ሁላችሁም አንድ ላይ አትግቡ፣ አንዳችሁ ውጭ ቅሩ። ይሄ ለወሎ ሰው እንዴት ይነገራል? ወንድምህ እየጮኸ ውጭ ቁም ማለት እኮ ነው። ግን በ2016 ሐምሌ ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። መጀመሪያ የተንሸራተተው መሬት የቀበራቸውን ሊያወጡ የተሰበሰቡት ሰዎች ላይ ሁለተኛው ወረደባቸው። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ገደሉን ይመልከት፣ ስራው ማየት ብቻ ይሁን፣ አካፋ አይያዝ፤ እሱ «ውጡ» ሲል ደግሞ ማንም አይከራከረው። ማን ይሁን ሲባል ተጨቃጨቁ። ማንም ውጭ ቆሞ የሚያይ መሆን አልፈለገም፤ ውጭ የቆመ ድርሻው ይቀንሳል ብለው ፈሩ። አያችሁ፣ እዚህም ያው ነገር መጣ። ትልቁ ሳይት ላይ ፊርማ፣ እዚህ ድርሻ። በመጨረሻ ተራ በተራ ይሁን፣ ድርሻውም እኩል ይሁን ተባባሉ። አንዱ «አብሽር ጋሼ፣ እንይዘዋለን» አለኝ። ሌላ ነገር ባያደርጉ ይቺን ብቻ ቢይዙ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ጋዜጠኛችሁ ሌላ ጊዜ ዋሻ ሊጎበኝ ሲሄድ፣ ቆብ አጥልቀውለት፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት ሲያቆሙት፣ ርዝመቱን ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር። «እዚህ ማን ነው ስራውን ማቆም የሚችለው?» ይበል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይግባና ያንኑ ጥያቄ ቦልት የሚተክለውን ልጅ ይጠይቀው። ሁለቱ የተለያየ መልስ ከሰጡት ዜናው እሱ ነው። ደላንታም ሰው ላኩ። አደጋ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በደህናው ቀን ሂዱ።

ይሄን ጽፌ ልጨርስ ስል ከደላንታ ስልክ ተደወለልኝ። ያ ጥሩ ጆሮ ያለው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ጀሶው ተሰነጠቀ» አለኝ። መቼ ስለው ዛሬ ጠዋት። ወጣችሁ? ሦስታችን ወጥተናል አለ። ሁለቱስ? ሁለቱ የጀመሩት ቁራጭ አለ፣ እሱን ጨርሰን እንወጣለን ብለዋል አለኝ። ስልኩን ስጣቸው አልኩ፣ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ከዚያ ሄዶ ጠርቷቸው ከሰዓት በኋላ ወጡ፣ አሁን አምስቱም ውጭ ናቸው፤ ተኳርፈዋል ግን፣ ነገ ይግቡ አይግቡ ገና አልተስማሙም። ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም፣ ወደ ወገል ጤና የሚሄደው መኪና በጠዋት ነው የሚነሳው፣ ጀሶም መግዛት አለብኝ።

የቀድሞ ሰርቬየር
ከደሴ